የዘሩባቤል ራት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1794፣ ለንደን

ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቴአትር ቤት ደጃፍ በጨዋ ሰው ርቀት ራሴን ጠብቄ ኖሬ፣ በላቲንና በዕብራይስጥ መጻሕፍት መካከል ሸምግዬ፣ ሚስቴን ቀብሬ፣ ልጄን ድሬና መበለት ሆና ስትመለስ ተቀብዬ፣ ከእንግዲህ ወዲያ በዚህች ከተማ የሚያስደንቀኝ ነገር አይገኝም ብዬ ከደመደምሁ በኋላ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ አንድ ደራሲ ክንዴን ይዞ በጓሮ በር አስገብቶኝ፣ መድረክ በሚሉት የሳንቃ ሜዳ ላይ ቆሜ ባዶውን አዳራሽ መመልከቴንና ከፍርሃት ይልቅ ደስ መሰኘቴን፣ ለሰው ለመንገር ስለማልደፍር ለዚህ ደብተር እነግረዋለሁ።

ደራሲው ሚስተር ራክስሊ ይባላል። የጻፈው ባለ አምስት ክፍል ተውኔት ሲሆን፣ በውስጡ ቸሩ፣ ታማኙና የሁሉ መመኪያ የሆነው ሰው አይሁዳዊ ነው። እኔ ልብ ካወቅሁ ጀምሮ በእንግሊዝ መድረክ ላይ ወጣ ሲባል የሰማሁት አይሁዳዊ ሁሉ ማለት ይቻላል ወይ አታላይ ነው፣ ወይ ተደብድቦ የሚያስቅ ጅል። ሚስተር ራክስሊ ስሕተት እንዳይገባበት የተማረ አይሁዳዊ ያንብብልኝ ብሎ ቢያጠያይቅ፣ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ወደ እኔ መራው።

እሺ ያልሁበት ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ለማኅበሬ ክብር መቆም ግዴታዬ ስለሆነ። ሁለተኛው፣ የጥንት ሮማውያንን ተውኔት አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው በሕያው ተውኔት ላይ ሐሳብ ቢሰጥ ከደንብ ስለማይወጣ። ልጄ ግራሲያ ሾርባው በረደ እያለች ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አነበብሁት። ከዚያ ደገምሁት።

ጀግናው ዘሩባቤል ይባላል። በማኅበራችን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ይሁን። ዘሩባቤል በመጀመሪያው ክፍል ወላጅ የሌላትን ልጅ ይድራል፤ በሁለተኛው አንድ የመርከብ መኮንን ከእስር ያስፈታል፤ በሦስተኛው የሰደበውን ሰው ይቅር ይላል፤ በአራተኛው ያለቅሳል፤ በአምስተኛው ያለውን ሁሉ አድሎ፣ ሌሎች ሲጋቡ ዳር ቆሞ ይመርቃል። ሚስት የለውም፤ ጎረቤት የለውም፤ አይቆጣም፤ አይቀልድም፤ በአምስቱም ክፍል አንዲት ጉርሻ ወደ አፉ አትደርስም።

እኔም አለቀስሁ። አልቅሼ ስጨርስ ግን ራበኝ፤ ምን እንደጎደለውም ያን ጊዜ ገባኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7፣ ከቀትር በፊት

ሚስተር ራክስሊ ቤት ነበርሁ። ወጣት ነው፤ ጥፍሩን ይነክሳል፤ ውዳሴዬን ለመቀበል ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

«መልአክ ነው የጻፍሁላችሁ እኮ፣ መምህር ቤሊሳርዮ። ደግሞ ምን ጎደለው?»

«ራት» አልሁት።

ሲያፈጥብኝ ጊዜ በሰፊው አስረዳሁት፤ በሰፊው ማስረዳት ልማዴ ባይሆንም። እየሰጠ የማይቀበል፣ እያለቀሰ የማይስቅ፣ እየተሰደበ የማይቆጣ ሰው፣ ተመልካቹ ቢወድደው የሚወድደው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ነው፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ገበያ ላይ ከእኛ አንዱን፣ ሕያውን፣ ቁጡውን፣ ዋጋ የሚከራከረውን ሲያገኝ፣ ይኼ እንኳ ዘሩባቤልን አይመስልም ብሎ ወደ ጥንቱ ስድብ ይመለሳል። ስለዚህ ጠረጴዛ አቅርብለት፣ በጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዓሣ አኑርለት፣ በዓሣው ጨው ምክንያት ከቤት ሠራተኛዋ ጋር አጣላው፣ ከዚያም ደስ ብሎት ይብላ፤ ያን ጊዜ ሰው ይሆናል አልሁት።

ተነሥቶ ተንጎራደደ። አራተኛው ክፍል ያለዚያም ረጅም ነው አለ። መልአክ ዓሣ ሲበላ ማን አየ አለ። መስኮቱ ዘንድ ቆመና ፊቱን ሳይመልስ፣ «የምን ዓሣ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ቤቴ የሄድሁት በእግሬ መሆኑን አላስታውስም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ምን አድርጌ መጣሁ።

የምኩራባችን ሽማግሎች ዛሬ ተሰብስበው ነበር። ሰብሳቢው ሴኞር ጋብሪኤል ሳልዜዶ ነው፤ ጢሙን በየጠዋቱ የሚላጭ፣ በሠረገላ የሚሄድ፣ በልጅነቱ የላቲን ግስ ያስተማርሁት፣ እስከ ዛሬም ያንን ይቅር ያላለኝ ሰው። ስለ ተውኔቱ ሰምቷል። የዘሩባቤልን ቦታ የሚጫወተው ባርናቢ ክዊሌት መሆኑንም ሰምቷል፤ ይህን እኔ አልሰማሁም ነበር። ክዊሌት ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረው በእኛ ላይ በመቀለድ ነው፤ ቀይ ጢም ለጥፎ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ አገር ይስቃል። ሴኞር ሳልዜዶ ማንም የማኅበራችን ሰው ወደዚያ እንዳይሄድ በሰንበት ይታወጅ አለ። ተመልካቾቹ ክዊሌትን ገና ብቅ ሲል አይተው ይስቃሉ፤ የእኛ ሰዎች ከሰገነት ቁልቁል እያዩ የሚዋረዱበት ምክንያት ምንድር ነው አለ። ንግግሩ ትክክለኛ ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ተነሣሁ። ዘሩባቤል የእኛ ሰው ሆኖ፣ የሚያጨበጭብለት የእኛ ሰው ከሌለ፣ ደግነቱን ለማን ብሎ ይጫወታል አልሁ። ከዚያ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሰንበቱ ከቀትር በኋላ የማስተምርበትን ወንበር መያዣ አድርጌ አቀርባለሁ፤ በመጀመሪያው ማታ ተመልካቹ በእኛ ላይ ከሳቀ ወንበሩን ለቅቄ እወርዳለሁ አልሁ።

ሴኞር ሳልዜዶ ጸሐፊውን አየና «ይጻፍ» አለ።

ተጻፈ። ሰዎቻችን እንዲሄዱ ተፈቀደ።

ወንበሩ እንጨት ነው፤ አንድ እግሩም አጭር ነው። ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር የለውም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

እንቅልፍ የለም። ግራሲያ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ መጣች። «አባባ፣ ያንን ወንበር ከሚያጡ ጥርስዎን ቢያጡ ይሻልዎት ነበር» አለችኝ። ጥርስ የቀረኝ አራት ነው አልኋት። «እሱንማ ለምደውታል» አለች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ክዊሌትን አየሁት። አጭር፣ ወፍራም፣ ፊቱ እንደ ሊጥ ወደፈለገው የሚዞር ሰው ነው። ከልብስ ክፍሉ ሣጥን ቀዩን ጢም መዝዞ እስከ እምብርቱ አንጠለጠለው፤ ከጢሙ ውስጥ ብል ተነሥቶ በረረ። ከዚያም በአፍንጫው መናገር ጀመረ፤ ከፖርቱጋል የመጡትም ሆኑ ከጀርመን የመጡት የእኛ ሰዎች ሲናገሩት ሰምቼ የማላውቀው፣ ለንደን ተወልጄ ያደግሁት እኔም የማልናገረው ቋንቋ።

የማን አነጋገር ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«የአይሁድ ነዋ፣ መምህር።»

«የትኛው አይሁድ እንዲህ ሲል ሰሙ?»

አሰበ። ከእሱ በፊት ይህን ቦታ ይጫወት ከነበረው ሽማግሌ ተማርሁት አለ። ሽማግሌውስ ከማን ተማረ ብለው፣ ከእሱ በፊት ከነበረው አለ። ጢሙም አብሮ የተወረሰ ነው። እንግዲህ ይህ ንግግር ከእጅ ወደ እጅ እንደ ዕቃ ሲተላለፍ ምናልባት መቶ ዓመት ሲሆነው፣ ከተቀባበሉት ሁሉ አንድ እንኳ ከእኛ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ አልተነጋገረም ማለት ነው። ይህ በታሰበኝ ጊዜ በቁጣ ፈንታ ሳቅ መጣብኝ፤ መቀመጫ እስኪፈለግልኝ ድረስ ሳቅሁ። ክዊሌት መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ እሱም ሳቀ፤ ጢሙን ፈትቶ ወደ ሣጥኑ ወረወረና፣ «እንግዲያው እርስዎ ቤት ልምጣ?» አለኝ።

በማኅበራችን ሽማግሎች መካከል ጢም ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ነጭና አጭር ነው። ይህን ነግሬዋለሁ፤ ለማስተማር ያህል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ክዊሌት በዚህ ሳምንት አራት ጊዜ መጥቶ አራት ጊዜ በልቷል። የግራሲያን የተጠበሰ ዓሣ ቀዝቃዛውን ይወድዳል፤ በእጁ ነው የሚበላው፤ ይመርቃታል። ስለ ሕጋችን፣ ስለ ጸሎታችን፣ ስለ ታሪካችን የሚያስረዳ አንድ ጥራዝ ሙሉ ማስታወሻ አዘጋጅቼለት ነበር፤ አንዱንም አልጠየቀኝም። የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከወንበር ሲነሡ በየትኛው እጅዎ ነው የሚደገፉት? እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ምን ይላሉ? ሾርባው ሲበርድ ይቆጣሉ ወይስ ዝም ይላሉ? ተነሥተው አንድ ጊዜ እስከ በሩ ይሂዱልኝ፤ አሁን ደግሞ ይመለሱ።

የሥነ ጥበብ ሰዎች እንግዳ ነገር ይወድዳሉ። ሄድሁለት፤ ተመለስሁለት። ግራሲያ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ብዙ አሳላት። ይህ የለንደን ጉም ለደረቷ አልተስማማትም።

ዛሬ መነጽሬን ስፈልግ አንድ ሰዓት ጠፋ። የተገኘበትን ቦታ መጻፍ አያስፈልግም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ክዊሌት ምኩራብ መጣ! ባርኔጣውን ሳያወልቅ እንዲቀመጥ አስቀድሜ ስለነገርሁት ከኋላ በር አጠገብ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ስቦ ተቀመጠ። የዛሬው ንባብ ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ ዓይኑ በፈዘዘው አባቱ ፊት የቀረበበት ነው። በሰው ልብስ መቅረብ መቼ ማታለል፣ መቼስ ሌላ ነገር እንደሚሆን ሦስት ነጥብ አንሥቼ ሁለቱን በሚገባ አስረዳሁ። ሕዝቡ እንዲህ አድምጦኝ አያውቅም። ወይስ ወደ ኋላ ዞረው ያዩ የነበሩት ክዊሌትን ነው? ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በጉልበቱ ላይ ጣቱን እያነሣና እያወረደ ነበር።

ሴኞር ሳልዜዶ እንደ ከረመ ዓሣ ሲያየው ነበር። ከዚያ እኔን። ከዚያ ወንበሩን።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

የሰገነቱ ትኬት ለእኛ ሰዎች እየታደለ ነው። ሁለት መቶ ሰው ይሄዳል ይላሉ። ብርቱካን ሻጮች፣ ዓሣ ጠባሾች፣ መነጽር ሠሪው፣ የመቃብር ጠባቂው ሳይቀር። ሁሉም መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ወንበሩን የሚያነሣ የለም። ሁሉም ግን ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ዛሬ በልምምድ ላይ ተገኝቼ የራቱን ትዕይንት አየሁ፤ ያየሁትንም ሚዛኔ ሳይዛባ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የክዊሌት አነጋገር ተለውጧል፤ ሰው ሆኗል፤ ተመስገን። ቀዩ ጢም ቀርቶ ነጭና አጭር ጢም አድርጓል፤ ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ግን ያምራል። ሆኖም በዚያ ላይ የጨማመራቸው አንዳንድ ነገሮች ፈጽሞ ለተማረ ሰው የማይገቡ ናቸው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ጣቱን አንሥቶ ሦስት ነገር እነግርሻለሁ ብሎ ለቤት ሠራተኛዋ ይጀምርና ሁለቱን ተናግሮ ሦስተኛውን ይረሳል፤ ጣቱ ግን እንደተነሣ ይቀራል። በሰፊው ማስረዳት ልማዴ አይደለም እያለ አንድ ገጽ ሙሉ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም፤ ቢኖርም ማንም አያስተምርበትም።

ይህን ሁሉ ለክዊሌት በግልጽ ነገርሁት። በጥሞና አደመጠኝና ንግግሬን ስጨርስ፣ «መምህር፣ መነጽርዎ የት ነው?» አለኝ። ፈለግሁት። ሳንቃ የሚጠርቡት ሠራተኞች ምን እንዳዩ እንጃ፣ መዶሻቸውን ጥለው ሳቁ።

ሳቁ። ቃሉን ጽፌ ደግሜ አነበብሁት። ሠራተኞቹ በራቱ ልምምድ ላይ ከሳቁ፣ ተመልካቹስ? ያንን ራት ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ዓሣ ተራ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። አንደኛዋ፣ ምስኪን፣ ከዚያ ወንበር ላይ አስነሥተው የት ሊያስቀምጧቸው ነው አለች። ሁለተኛዋ፣ «እቤታቸው ሆነው ለግራሲያ ያስተምሯታላ» አለች። «እሷስ ምን በደለች?» አለች የመጀመሪያዋ።

ዞር ብዬ ሰላም አልኋቸው። ዓሣውን ሳልገዛ ተመለስሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

አሳፋሪ ቀን።

ወደ ቴአትር ቤቱ ሄጄ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ የተሟገትሁለትን፣ ደራሲውን ያስጨነቅሁበትን፣ የኮራሁበትን የራት ትዕይንት ከተውኔቱ እንዲያወጡት ለመንሁ። መልአኩ መልአክ ሆኖ ይቅር፣ አይብላ፣ አይቆጣ፣ ማንም አይሳቅ አልሁ። ሚስተር ራክስሊ ገና ሳልጨርስ ራሱን ያዘ። ክዊሌት ግን ፊቱን ሲቀባበት የነበረውን ጨርቅ አስቀምጦ ከእኔ ጋር ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የእናንተን ሰው ስጫወት እየተመታሁ ነው ያሳቅሁት» አለኝ። «ወንበር ስበውብኝ፣ ጢሜን ጎትተውኝ። በገዛ ገበታዬ ተቀምጬ፣ ሹካዬን ይዤ ሳስቅ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ይኼን ከወሰዱብኝ፣ መምህር፣ ያንን ቀይ ጢም መልሰው ይስጡኝ።»

አንድ ሰው ወንበሩን ላለማጣት ብሎ ሌላውን ከገበታው ሊያስነሣው መጣ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ራቱ ይቆይ አልሁ። ድምፄ ቀጥ ያለ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ ጠቅሞኛል፤ ፊቴን ማንም አልጠየቀኝም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

ዛሬ ነው። ቁርስ እምቢ አለኝ። ግራሲያ ሰማያዊውን ኮት አወጣች። አንገት ልብሴን ሦስት ጊዜ አሰርሁ፤ ሦስቱም ጠማማ። ሴኞር ሳልዜዶ ከእኔ ጋር ሰገነት ላይ እቀመጣለሁ ብሎ ልኮብኛል። ይታዘበኝ እንደሆነ ይታዘበኝ። እየሄድሁ ነው።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12፣ ጠዋት

ዛሬ ፀሐይ በጊዜ ስለምትጠልቅና ሰንበት ሲገባ ብዕር ስለማይያዝ፣ የትናንቱን ሁሉ ሳይበርድ ለማስፈር ከጎሕ ጀምሮ ተቀምጫለሁ፤ እጄ እየሮጠ ነው፤ ብዕሩም ይረጫል፤ ይርጭ።

ሰገነቱ ከዳር እስከ ዳር የእኛ ነበር። ሴኞር ሳልዜዶ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ከጎኔ ተቀምጧል። መጋረጃው ተገልጦ ክዊሌት ብቅ ሲል ገና ቃል ሳይናገር ከታችኛው ወለል የድሮው ሳቅ ተነሣ፤ ክዊሌት ነው፤ አሁን ይወድቃል፣ አሁን ይመታል ብሎ የሚጠብቅ ሳቅ። ሴኞር ሳልዜዶ ወደ እኔ ዞሮ አላየኝም፤ እሱ ይብስ ነበር። ክዊሌት ግን አልወደቀም። ቆሞ ኪሱን ዳበሰ፣ ጠረጴዛውን ዳበሰ፣ ያንን የማልወድለትን የመነጽር ነገር ቀጠለ፤ አዳራሹም ደግሞ ሳቀ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ነው ልዩነቱን የሰማሁት። የሰውን ንባብ ሲያደምጥ ዕድሜውን የጨረሰ ጆሮ በቀላሉ አይታለልም፤ ሁለተኛው ሳቅ የመጀመሪያው አልነበረም። የመጀመሪያው ከላይ ወደ ታች የሚጣል ሳቅ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው ስለ ገዛ አባቱ ሲያወራ የሚስቀው ዓይነት። በአራተኛው ክፍል ዓሣው ቀርቦ በጨው ነገር ጠብ ሲነሣ፣ ከታች አንዲት ወፍራም ሴት ለሠራተኛዋ ወግና፣ ቤት ውስጥ ማብሰል ይሞክሩና እናያለን ብላ ጮኸችበት፤ ክዊሌትም ከትዕይንቱ ሳይወጣ ሳህኑን ወደ እሷ ዘርግቶ ቅመሺውና ፍረጂ የሚል ምልክት አሳያት። አዳራሹ ተናወጠ። ያ የበላው፣ የተቆጣው፣ ዓሣ ያወደሰው ሰውዬ በአምስተኛው ክፍል ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ዳር ሲቆም ደግሞ፣ ከእኛ ሰገነት ወዲያ ባሉት ወንበሮች ሁሉ መሐረብ ሲወጣ አየሁ። ሴኞር ሳልዜዶ መሐረብ ስላልያዘ በባርኔጣው ተጠቀመ።

እንግዲህ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ አገር ልማድ የአዲስ ተውኔት ዕጣ የሚወሰነው በመጨረሻው ላይ ነው። ከተዋንያን አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ተውኔቱ መቼ እንደሚደገም ያስታውቃል፤ ተመልካቹ ይሁን ብሎ ከጮኸ ተውኔቱ ይኖራል፤ አይሆንም የሚለው ከበረታ በዚያው ይሞታል፣ ዳግመኛም አይታይም። ክዊሌት ጢሙን እንደለጠፈ ወጣና እጅ ነሥቶ፣ ይህ ተውኔት በእናንተ ፈቃድ ነገ ማታ ይደገማል አለ።

እኔ በዚያ ሰዓት በደስታ ሰክሬ ነበር። ከተናገረው ሁሉ የሰማሁት ነገ ማታ የሚለውን ብቻ ነው። ነገ ዓርብ ነው፤ ሰንበት ይገባል፤ እኛ መምጣት አንችልም፤ ያለ እኛ ሊደግሙት ነው! አግዳሚው ላይ ወጣሁ፤ እንዴት እንደወጣሁ ጉልበቴ ይናገር፤ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ነገ አይሆንም!» ብዬ ጮኽሁ። በአጠገቤ ያለው ሁሉ ያንኑ ሲያስብ ኖሮ፣ ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ «አይሆንም! አይሆንም!» አለ።

ምን እንዳደረግን የገባኝ ሚስተር ራክስሊን በመድረኩ ጥግ ሳየው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ይንሸራተት ነበር።

ከታች ሰዎች ዞረው አዩን። የራሳቸውን ሰው እንኳ አይወድዱም አለ አንዱ። ቀድሞውኑ ተውኔቱን ሊጥሉ የመጡ ጥቂቶችም አጋጣሚውን አግኝተው አይሆንም በማለት ከእኛ ጋር ተባበሩ፤ የብርቱካን ልጣጭ ይበር ጀመር። ሴኞር ሳልዜዶ የኮቴን ጫፍ ይዞ፣ «ገደሉት እኮ፣ መምህር። በገዛ አፍዎ ገደሉት» አለኝ።

ክዊሌት እጁን አነሣ። ዝም እስኪሉ ጠበቀ። ቀና ብሎ ሰገነቱን አየና፣ እኔን ለይቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ስለምን አይሆንም፣ ጌታዬ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት ምክንያት አለኝ» አልሁ፤ ጣቴንም አነሣሁ። «አንደኛ፣ ነገ ዓርብ ነው፤ ሰንበታችን ይገባል። ሁለተኛ፣ እናንተን አይተን ሳንጠግብ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ብታደርጉት ሁላችንም እንመጣለን።»

እዚህ ላይ ትንፋሽ ልወስድ ቆምሁ። ጣቴ እንደተነሣ ነበር፤ መነጽሬን ደግሞ ማን እንደወሰደብኝ አላውቅም፣ ክዊሌትን በደንብ ለማየት በሌላው እጄ ኪሴን እዳብስ ጀመር። አዳራሹ አየኝ። ከዚያ መድረኩን አየ። ከዚያ እኔን። ከታች ያችው ወፍራም ሴት፣ «ግንባርዎ ላይ ነው፣ አባቴ!» ብላ ጮኸች፤ ቤቱም ፈነዳ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ መቅረዞቹ ተርገበገቡ፤ ሰዎች ወንበር ላይ ቆመው ለእኔ ያጨበጭባሉ፤ ስለምን እንደሆነ እስካሁን አልተብራራልኝም። ዓርብ የሚለው ቃል ለእንግሊዞች የሚያስቅ ነገር ይኖረው ይሆናል።

ክዊሌት ወደ ታችኛው ወለል ዞረ። «ክቡራንና ክቡራት» አለ፣ «ሰምታችኋል። ነገ ማታ ዘሩባቤል ከቤቱ አይወጣም፤ ንጉሡ ቢጠራውም አይወጣም። ቅዳሜ ማታ ግን ይመጣል።»

ይሁን ተባለ። ጣሪያው ይመስክር።

ደረጃውን ስንወርድ መያዣዬ ትዝ አለኝ። በእኛ ላይ ከሳቁ ተብሎ ተጽፏል። ሳቁ። እኔ ስቆም፣ እኔን እያዩ ሳቁ። ቃሌ ቃል ነው፤ ነገ ከወንበሩ አጠገብ አልደርስም።

ግራሲያ የሰንበት መብራቷን አዘጋጅታለች። ብዕሬን ላስቀምጥ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ በጥድፊያ

ሰንበት መውጣቱን የሚያበስሩት ሦስቱ ከዋክብት ወጥተዋል። ባጭሩ፤ አብረውኝ የሚሄዱት እየጠበቁኝ ነው።

ከቀትር በኋላ ምኩራቡ ሞልቶ ነበር። እኔ በሩ ዘንድ ቆምሁ። ወንበሩ ባዶውን ፊት ለፊት ይታያል። ሴኞር ሳልዜዶ ተነሣና፣ በእኛ ላይ ከተሳቀ መምህር ቤሊሳርዮ ይለቃሉ ተብሎ በፊታችን ተጽፏል አለ። ተስቋልም አለ። የበሩን እጀታ ያዝሁ።

«አሁን የምጠይቀው» አለ፣ «ከእኛ ከሽማግሎቹ መካከል ያልሳቀ ማን ነው? ይነሣና ይፍረድ።»

ማንም አልተነሣም። ጆሮው የማይሰማው ሽማግሌ ብቻ፣ እኔ እንኳ ምንም አልሰማሁም፣ ሳልዜዶ ሲስቅ አይቼ ነው የሳቅሁት አለ።

«እንግዲህ የሳቀ ሁሉ ተከሳሽ ነው» አለ ሴኞር ሳልዜዶ። «ተከሳሽ ደግሞ ዳኛ አይሆንም። ዳኛ ያልተገኘለት ክስ ይፈርሳል፤ ዛሬ ሰንበት ስለሆነ መጻፍ አይቻልም እንጂ ይኼንንም ባስጻፍሁት። መምህር፣ ይምጡና ይቀመጡ። ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እየጠበቀዎት ነው።»

የዛሬው ንባብ የዮሴፍ ነውና። ሄድሁ። ተቀመጥሁ። ወንበሩ እንጨት ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ እንጨት እንደዚያ አይሞቅም። የዮሴፍን ወንድሞች አስረድቼ ሳልጨርስ ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ከጉንፋን ይሆናል።

ሴኞር ሳልዜዶ ሠረገላውን ደጃፌ አቁሟል፤ ከጎኑ ካልተቀመጥሁ አልሄድም ብሏል። መንገዱ በእኛ ሰዎች ተሞልቷል። ግራሲያ፣ ሰዉ ዛሬ የሚመጣው ክዊሌትን ሊያይ ብቻ እንዳልሆነና ሰገነቱን ቀና ብሎ የሚያይ ብዙ እንደሚሆን ነገረችኝ። እነዚህ ሴቶች የሚሉት አያልቅም።

ለማንኛውም ብዬ ኮቴን ሁለት ጊዜ ቦረሽሁት።